የስፒከር ሳጥኖቼን ለሠሩልኝ የአባይ ማዶ አናጺ ምስጋና እና ጥቆማ

በባሕር ዳር በሚገኘው ቤቴ ለሙዚቃ ማዳመጫ በለየኋት ክፍል የሚቀመጡ ሁለት ስፒከሮችን በራሴ እጅ ለመሥራት ከተነሣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሥራው አሁን ተጠናቋል። ለዚህ ያበቁኝ ግን አባይ ማዶ በአንዲት ጠባብ የእንጨት ሥራ ቤት በርና አልጋ እየሠሩ የሚተዳደሩ አናጺ በመሆናቸው፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብላቸው፣ የሚታመን ባለሙያ ለሚፈልግ ሰውም ልጠቁማቸው እወዳለሁ። ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈቀዱ ጋሼ እያልሁ እቀጥላለሁ።

የስፒከር ሳጥን ጌጥ አይደለም። የዎፈሩ፣ ማለትም ወፍራሙን ድምጽ የሚያወጣው የስፒከሩ ክፍል፣ ኮን (የሚንቀጠቀጠው ሾጣጣ ገጽ) ወደ ፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለው አየር ይታመቃል፣ ከኋላው ያለው ደግሞ በዚያው ቅጽበት ይሳሳል፤ ሳጥን ከሌለ ሁለቱ ሞገዶች በዳር ዞረው ይገናኙና በተለይ ወፍራሙን ድምጽ ያጠፋፉታል። የሳጥኑ መጠንም በግምት አይወሰንም። አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲል እ.ኤ.አ. በ1961 ያቀረበውን፣ ሪቻርድ ስሞልም በ1970ዎቹ ያስፋፋውን የስሌት ዘዴ ተከትዬ ለእኔ ዎፈር 20 ሊትር የታሸገ ሳጥን እንደሚስማማ አገኘሁ፤ ይህም የውስጥ ልኩ 20 በ25 በ40 ሴንቲ ሜትር፣ እንጨቱ 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ) ማለት ነው።

መጀመሪያ የሄድሁበት ሌላ ሥራ ቤት ይህንኑ ልክ የውጭ አድርጎ ቆረጠው። በዚህ ምክንያት ሳጥኑ ወደ 13 ሊትር ወረደ፣ እንጨቱም ገንዘቡም ባከነ። ጋሼ ዘንድ ሥዕሉን ይዤ ስቀርብ ግን፣ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ጠጋ አድርገው ካዩ በኋላ ከአፋቸው የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ልጄ፣ ልኩ የውስጥ ነው የውጭ?» የሚል ነበር። ሥራውን ለእሳቸው የሰጠሁት በዚያች ጥያቄ ነው።

ሳጥኖቹ ተጣብቀው ከደረቁ በኋላ አየር ማስወጣት አለማስወጣታቸውን የምንለይበትን መንገድ ያገኙት እሳቸው ናቸው። እኔ ኮኑን በጣቶቼ ቀስ አድርጌ ስጫን፣ እሳቸው የበራ ጧፍ ይዘው በመጋጠሚያው ሁሉ ላይ አዞሩት። በአንደኛው ሳጥን የታችኛው ማዕዘን ላይ ነበልባሉ ዘንበል አለ። ኮላ በሳጋቱራ ለውሰው ስንጥቁን ደፈኑት፣ በማግስቱም ያንኑ ጧፍ አብርተው እንደገና ፈተሹት። የኤምዲኤፍ የተቆረጠ ጠርዝ እርጥበት እንደሚመጥ ስለሚያውቁ፣ ክረምቱና የሐይቁ እርጥበት እንዳያሳብጠው ጠርዙን ሁሉ በቫርኒሽ እንድዘጋ አሳሰቡኝ።

ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምጽ ለይቶ የሚያከፋፍለውን የኤሌክትሪክ ክፍል፣ ክሮስኦቨሩን፣ በስታኞ የበየድሁት እኔ ስለሆንሁ ስለእሱ አላስረዝምም።

ከሁሉ በላይ ያከበርኋቸው ግን በመጨረሻው ፍተሻ ነው። በዐቢይ ጾም ወቅት ነበርና የመረጥሁት የበገና ቅጂ ነው። በገና 10 አውታሮች አሉት፤ ያንን የሚያጉረመርም ድምጽ የሚሰጠው በአውታሩና አውታሮቹ በሚያርፉበት ድጋፍ፣ በብርኩማው፣ መካከል የሚገባው እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ነው። ወፍራሙ አውታር በተመታ ቁጥር የሚሰማውን ንዝረት ሁሉ የእንዚራው ነው ብዬ ተደስቼ ተቀምጫለሁ። ጋሼ ቆመው ጥቂት ካዳመጡ በኋላ መዳፋቸውን በቀኙ ሳጥን ጀርባ ላይ አሳረፉና «ይኼ የበገናው አይደለም፤ የእኔው ጣውላ ነው» አሉኝ። ዝም ቢሉ ኖሮ እኔ ልዩነቱን መቼም ባላወቅሁት ነበር። ሁለቱንም ሳጥኖች መልሰው ወሰዱ፤ በዎፈሩ ቀዳዳ እጃቸውን አስገብተው የፊቱንና የጀርባውን ገጽ የሚያያይዝ ማገር በኮላ ተከሉበት። ቀድሞ ሲቆረቆር እንደ ከበሮ ይመልስ የነበረው ጀርባ አሁን ደረቅና አጭር ድምጽ ብቻ ይሰጣል። ለዚህ ሥራ ተጨማሪ ሂሳብ ላቅርብ ብል አልተቀበሉኝም፤ «መጀመሪያውኑ መግባት የነበረበት ነው» ብለው መለሱልኝ።

ለክፍሉ ማዕዘኖች በጥጥ ተሞልተው አቡጀዲ የለበሱ አራት ፍሬሞችንም ሠርተውልኛል። ክፍሉ 4 ሜትር ርዝመት ስላለው 43 ኸርዝ አካባቢ ያለው በጣም ወፍራም ድምጽ በግድግዳዎቹ መካከል እየተመላለሰ ያብጣል፤ ጥጡ ይህን ብዙም ባይለውጠውም ከፍ ያለውን ድምጽ ማስተጋባት በሚሰማ መጠን ቀንሶታል።

ጋሼ የሚሠሩት ብቻቸውን በመሆኑ ለጥድፊያ ሥራ አይመቹም፣ ቀለም መርጨትም አይሠሩም። በሰጡኝ ቀጠሮ ግን አንድም ቀን አላዛነፉም፣ የተረፈውን እንጨት እስከ ትንሿ ቁራጭ ድረስ መልሰውልኛል። ለስፒከር ሳጥንም ሆነ ልኩ መጠበቅ ላለበት ለማንኛውም የእንጨት ሥራ ለሚፈልጋቸው ሰው በፈቃዳቸው አገናኛለሁ፤ ሥዕል ይዛችሁ ስትሄዱ ልኩ የውስጥ ወይም የውጭ መሆኑን ጽፋችሁበት ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።