ለቆየ ቴኒስ ኤልቦ የቱ ሕክምና ይሻላል? ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት

ብርጭቆ ስታነሱ ወይም የበር እጀታ ስታዞሩ ክርናችሁን በውጪ በኩል ጠቅ የሚያደርጋችሁ ከሆነና ሦስት ወር ካለፈው፣ ብዙ ዓይነት ሕክምና ይቀርብላችኋል። ሁሉም ግን አንድ ሥራ አይሠራም። በቴኒስ ኤልቦ የእጅ አንጓን ቀና የሚያደርገውን ጡንቻ ከክርን አጥንት ጋር የሚያያይዘው ጅማት ተዳክሟል። አንዳንዱ ሕክምና ሕመሙን ያስታግሳል፣ ሌላው ጅማቱን ያጠነክራል። ስትመርጡ የትኛውን እየገዛችሁ እንደሆነ እወቁ።

በፍጥነት ስቴሮይድ መርፌን የሚያህል የለም። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። በ2006 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ከ6 ሳምንት በላይ ያመማቸውን 198 ሰዎች መርፌ፣ ፊዚዮቴራፒና ዝም ብሎ መጠበቅ ብሎ ለሦስት ከፈላቸው። በ6ኛው ሳምንት መርፌው አንደኛ ወጣ። ከዚያ በኋላ ግን ከተወጉት ውስጥ 72 በመቶው አገረሸባቸው፣ በዓመቱም ዝም ብለው ከጠበቁት እንኳ ወደኋላ ቀሩ። የቆየ ሕመም ላለበት ሰው መርፌን አልመክርም።

ፊዚዮቴራፒ የሚሸጡ ሰዎች ብዙ የማያነሱት ነገርም እዚያው ጥናት ውስጥ አለ። በዓመቱ መጨረሻ ፊዚዮቴራፒ ያገኙትና የጠበቁት እኩል ሊባሉ ምንም አልቀራቸውም። ታዲያ ለምን ይከፈላል? በመሃል ላሉት ወራት ነው። በእጁ ሠርቶ ለሚያድር ሰው ደግሞ እነዚያ ወራት ቀላል አይደሉም።

ገንዘባችሁን መጀመሪያ አውሉት የምለው ጅማቱን ቀስ በቀስ ጫና በሚያለማምድ እንቅስቃሴ ላይ ነው። ክንዳችሁን ጠረጴዛ ላይ አስደግፉ፣ መዳፋችሁ ወደ ታች ይሁን፣ እጃችሁ ከጫፉ ይውጣ። ቀላል ክብደት ያዙ፤ ውሃ የሞላ ጠርሙስም ይሆናል። በጤነኛው እጃችሁ እየረዳችሁ ወደ ላይ አንሱት፣ ከዚያ ጤነኛውን ልቀቁና በታመመው ብቻ አራት እየቆጠራችሁ አውርዱት። 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ትንሽ ቢያምም አትደንግጡ፤ ሕመሙን ከ10 ስትመዝኑት ከ3 ወይም ከ4 ካላለፈና በማግስቱ ከበረደ ችግር የለውም። ካልበረደ ክብደቱን ቀንሱ። የሚጠመዘዝ የጎማ ዘንግም ይሸጣል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ግዴታ አይደለም። ለውጡ ሳምንታት ይፈጃል፤ ብዙ ሰው የሚያቋርጠውም እዚህ ጋ ነው።

ባለሙያው ክርናችሁን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ይዞ እናንተ ደጋግማችሁ የምትጨብጡበት የእጅ ሕክምና አለ። ሲሠራ እዚያው ጭብጣችሁ ይቀልላችኋል። ለብቻው አይበቃም፣ ከእንቅስቃሴው ጋር ግን ይሄዳል።

ማሰሪያ ርካሽ ነው፤ ከባድ ነገር ስትሠሩ ያሳርፋል። አጥንቱ ላይ ሳይሆን ከሚያመው ቦታ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብላችሁ ጡንቻው ላይ እሰሩት፣ ስትተኙ አውልቁት።

ሾክዌቭ ላይ፣ ማለትም በማሽን የግፊት ሞገድ ወደ ጅማቱ በሚላክበት ሕክምና ላይ፣ ጥናቶች አይስማሙም፤ ከማስመሰያ ሕክምና ያልተሻለበት ጊዜም አለ፣ ሲሰጥም ያማል። እንቅስቃሴውን ለወራት በአግባቡ ሠርታችሁ ካልሆነላችሁ ያኔ አስቡት። አልትራሳውንድ (ለምርመራ ሳይሆን ለሕክምና የሚሰጠው የድምፅ ሞገድ) ደግሞ ማስረጃው ደካማ ነው። በሄዳችሁ ቁጥር ጄል ተቀብታችሁ፣ ማሽን ተደርጎላችሁ፣ ሙቀት አግኝታችሁ የምትወጡ ከሆነ ቦታ ቀይሩ።

ጥቅል ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት «ቤት ምን እየሠራሁ ልቆይ?» በሉ። ጫናው በየስንት ጊዜው እንደሚጨምር ጭምር የሚነግራችሁ ሰው ጋ ቆዩ። «ምንም አትሥራ፣ ብቻ ና» ካላችሁ ግን አመስግናችሁ ውጡ።

ጣታችሁ ከደነዘዘ፣ አንገታችሁን አብሮ ካመማችሁ ወይም ክርኑ አብጦ አልዘረጋ ካለ፣ ይሄ ሁሉ ምርጫ ሳይመጣ ሐኪም ይያችሁ። ነገሩ ጭራሽ ቴኒስ ኤልቦ ላይሆን ይችላል።