ምስጋና ከመታወቂያ ማሳደሻው ቀጥላ ላለችው ቢሮ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ትንሽም ለመጠቆም። ረዘም ስለሚል ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ካለፈ ግን ቡናው ይቅርባችሁ፤ ምክንያቱን ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

የማመሰግናቸው ሰው የግቢያችን የተማሪዎች ምክር አገልግሎት ባለሙያ ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም። ልጽፍ ነው ብዬ ሳስፈቅዳቸው «ስሜን ከጻፍክ የሚያነበው ልጅ እኔን ፍለጋ ይነሳል፤ እዚያው በራሱ ግቢ ውስጥ ያለችውን ባልደረባዬን አያያትም» አሉኝ። የዩኒቨርሲቲውንም ስም በዚያው ተውኩት። የግቢያችን ልጆች «ማዘር» ስል ማንን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

እኔ የ4ኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነኝ። የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰድኩት ጥቅምት 2015 ላይ ነው፤ ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች የተሰጠ ጊዜ። ውጤቱ ሲመጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። ከ100 ተፈታኝ 3 ሰው ማለት ነው። ከእኛ ትምህርት ቤት ያለፍነው በአንድ ባጃጅ እንጫናለን። ሰፈር ውስጥ ምን እንደሆንኩ መገመት ትችላላችሁ። ጎረቤት ሁሉ «ዶክተራችን» ይለኝ ጀመር። አካውንቲንግ ስገባም አልተዉኝም። አባቴ ለሻንጣው፣ ለልብሱ፣ ለስልኩና ለመንገዱ ብሎ አንድ በሬ ሸጠ።

በሬውን አትርሱት፤ ይመለሳል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት እንደነገሩ አለፉ። ችግሩ 3ኛ ዓመት ላይ መጣ። የኮስት አካውንቲንግ ሚድ (የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና) ነበር። የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበብኩ፤ አውቀዋለሁ። ሁለተኛውን ሳነብ ፊደሎቹ መንሸራተት ጀመሩ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ነው የሚመታው። ጣቶቼ ደነዘዙና እስክሪብቶው ወደቀ። አየር አጠረኝ። በቃ፣ ልሞት ነው ብዬ ወሰንኩ። ፈታኙ «ምን ሆንክ?» እያለኝ ወረቀቱን ጥዬ ወጣሁ።

ከዚያ የክሊኒክ ጉብኝት ተጀመረ። ከተማ ወርጄ አንድ የግል ክሊኒክ ገባሁ። ደም ሰጠሁ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ታይፎይድና ታይፈስ ተባልኩ። በአገራችን የደከመው ሰው ሁሉ ታይፎይድና ታይፈስ ነው መሰለኝ። መድኃኒቱን ጨረስኩ፤ ምንም የለም። ሌላ ቦታ ስሄድ «ጨጓራ ነው» አሉኝና በርበሬ ተከለከልኩ። (የካፌ ወጥ ላይ በርበሬ አለ ብሎ ያሰበ ሐኪም ካፌያችንን አያውቅም።) በመጨረሻ አንድ ሆስፒታል ደረቴ ላይ ገመድ ለጣጥፈው የልቤን ምት በወረቀት አወጡት። ዶክተሩ አየት አድርጎ «ልብህ ከእኔ ልብ ይሻላል» አለኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ይበልጥ ፈራሁ። ልቤ ደህና ከሆነ ታዲያ ምን ነው የያዘኝ?

ማታ ማታ መተኛት አቆምኩ። ቀን ክላስ ውስጥ አንቀላፋለሁ፤ ለማካካስ ሌሊት ቡና እጠጣለሁ። ለፈተና ሰሞን ብዬ የጀመርኩት ጫትም ነበረ፤ ምርቃናው ሲያልቅ የሚመጣው ድብርት ከፈተናው የባሰ ነው። ሲጂፒኤዬ (ጠቅላላ አማካይ ውጤቴ) ወደ 2.00 መንሸራተት ጀመረ። እሁድ እሁድ እናቴ ስትደውል ግን «ደህና ነኝ፣ ትምህርቱም አሪፍ ነው» እላለሁ።

አንድ ሌሊት ከላይኛው አልጋ የሚተኛው የወሎ ልጅ ተንጠራርቶ «አንተ፣ አልጋው ሲንቋቋ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ነገ አብረን እንሄዳለን» አለኝ።

«ወዴት?»

«ማዘር ጋ።»

«እብድ ነኝ እንዴ?»

«እኔስ እብድ ነኝ?» አለኝ። «አምና ስሄድ ነው የከረምኩት።»

አንድ ዶርም ውስጥ እየኖርን፣ ከአንድ ትሪ እየበላን፣ አላውቅም ነበር። ይኼ ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ምስጋናዬ ለእሱም ነው።

ቢሮዋ የት እንደሆነች ስሰማ ደግሞ ሳቄ መጣ። መታወቂያ ከሚታደስበት መስኮት ቀጥላ ያለችው ቡናማ በር ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ። የመጋዘን በር ነበር የምትመስለኝ።

ማዘር ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆናቸው፣ ነጠላቸውን ወንበር ላይ ጣል አድርገው የሚሠሩ ሴት ናቸው። ስገባ «ምን ሆንክ?» አላሉኝም። ሻይ ቀዱልኝ። ከዚያ ምንም የማይመስሉ ጥያቄዎች መጡ። ስንት ሰዓት ትተኛለህ? ጠዋት ቁርስ ትበላለህ? ከሰው ጋር ከልብህ የሳቅከው መቼ ነው? ለማን ነው የምትደውለው? የመጨረሻውን ስመልስ «ለእናቴ» አልኩና ድምፄ ተሰበረ። ምን እንደነካኝ እንጃ።

ቀጥሎ 9 ጥያቄ ያላት አንዲት ወረቀት ሰጡኝ። ባለፉት 2 ሳምንታት ምን ያህል ቀን እንቅልፍ አጣህ፣ ነገር ሁሉ አስጠላህ፣ ራስህን እንደማትረባ ቆጠርክ፣ እንዲህ ያለ ነው። 9ኛዋ ስለ ሞት ሐሳብ ትጠይቃለች። እሷ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ማዘር እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡና በቀጥታ ጠየቁኝ፦ «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ይህን ጥያቄ ሰው እንደ ጅብ ይፈራዋል፤ መጠየቅ ሐሳቡን የሚያመጣ ይመስለዋል። አያመጣም። እኔ እንዲያውም ቀለለኝ። «ራሴን ልጉዳ አላልኩም፤ ግን ጠዋት ባልነቃ የምልበት ቀን አለ» አልኳቸው። አልደነገጡም፤ አልተቆጡም። ዕቅድ እንዳለኝና እንደሌለኝ አጣሩ። ያ ሐሳብ ሲመጣ ለማን እንደምናገር፣ ሌሊት ከሆነ ማንን እንደምቀሰቅስ በስም አስጻፉኝ። የላይኛው አልጋ ልጅ አንደኛ ተጻፈ። እሱም ሲነግሩት «ቀስቅሰኝ፤ ሱብሂ ለመነሳትም ይጠቅመኛል» አለ።

ፈተናው ላይ የሆንኩትን ስነግራቸው እንዲህ ነበር ያስረዱኝ። አእምሮህ ወረቀቱን እንደ ጅብ አየው። ጅብ ሲያዩ ደግሞ ወይ መሮጥ ወይ መታገል ነው። አድሬናሊን ተለቀቀ፤ ልብህ ደም ወደ ጡንቻህ ገፋ። አንተ ግን ወንበር ላይ ነህ፤ የሚሮጥበት የለም። ቶሎ ቶሎ ስለተነፈስክ ካርቦን ዳይኦክሳይድህ ወረደ፤ ጣትህን ያደነዘዘው እሱ ነው። ነገሩ በደቂቃዎች ውስጥ ጣራ ይነካል፤ ከዚያ ራሱ ይወርዳል። «ልብህን መታየትህ ጥሩ አደረግክ» አሉኝ። «ልብ ደህና መሆኑ ከታወቀ በኋላ ነው እኔ ጋ የሚመጣው።»

ከዚያ ብርጭቆውን አስያዙኝ። ሻይዋ ገና ትጨሳለች። «በአፍንጫህ እስከ 4 ቆጥረህ ሳብ። አሁን ሻይዋን እንደምታበርድ፣ ሳትደፋት፣ እስከ 6 እየቆጠርክ ንፋ።» ሁለቴ ፈጠንኩና ሻይ ሱሪዬ ላይ ተደፋ። በአምስተኛው ገደማ ትከሻዬ ከጆሮዬ ወረደ። ምስጢሩ ማስወጫውን ከመሳቢያው ማስረዘም ነው፤ የልብ ምት ያኔ ቀዝቀዝ ይላል። አሁን ፈተና ከመጀመሬ በፊት ባዶ እጄን ብርጭቆ የያዝኩ አስመስዬ እነፋለሁ። ጎኔ የሚቀመጡት ልጆች ለምደውኛል።

እዚህ ላይ ያሳፈረኝን ልናገር። ፍሬሽማን እያለሁ ጄኔራል ሳይኮሎጂ ላይ ኤ አለኝ። ጭንቀትን ስለ መቆጣጠር ተጠይቄ መልሻለሁ፤ ሸምድጄ።

«ጭንቀቱን አጥፉልኝ» ስላቸው ሳቁ። የክራር ክር ሲላላ አይጮህም፣ ሲበዛበት ይበጠሳል፤ የምንፈልገው የሚጮህበትን ልክ ነው አሉኝ። በኋላ ፈትሼ ሳየው፣ በ1908 እ.ኤ.አ. ሮበርት ዬርክስና ጆን ዶድሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ሞክረው የደረሱበት ነገር ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ስለ ቡናው ቃል ገብቼ ነበር። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ማታ 2 ሰዓት የጠጣሁት ቡና ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ደሜ ውስጥ አለ። ማዘር ቡና ተው አላሉኝም፤ ከ8 ሰዓት ምሳ በኋላ እንዳልጠጣ ብቻ ተስማማን። ስለ ጫቱም ስብከት የለም። በሚቀጥለው ቀን ምን እንደሚሰማኝ እንድጽፍ ነገሩኝ። አራት ቀን ጽፌ ራሴው ተውኩት።

በሦስተኛው ቀጠሮ ወረቀት ለሁለት ከፍለው «የሚያስጨንቅህን በዚህ፣ ያለህን በዚህ ጻፍ» አሉኝ። ሳያውቁት ባላንስ ሺት፣ ማለትም ያለውና ዕዳው ጎን ለጎን የሚጻፍበትን የሒሳብ ሰንጠረዥ አሠሩኝ። ዕዳው በኩል ሚድ፣ አሳይመንት፣ የመውጫ ፈተና ጻፍኩ። ከ2015 ጀምሮ 50 ሳያመጡ ዲግሪ የለም፤ ገና ዓመት እየቀረው እያሰብኩት ነበር። ከሁሉም በታች «በሬው» ብዬ ጻፍኩ። ማዘር ጣታቸውን እዚያ ላይ አሳርፈው ዝም አሉ። እኔ ግን ማውራት ጀመርኩ። ለካ ሚዱ ላይ የተቀመጥኩት ከነበሬው ነው። ብወድቅ የምጥለው ኮርስ አይደለም፤ የአባቴን እርሻ ነው።

«ይህን ቤተሰቦችህ ያውቃሉ?» አሉኝ። አያውቁም። ለእሁዱ ስልክ ምን እንደምል ተለማመድን።

እሁድ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ደወለች። እንዴት እንደጀመርኩት አላስታውስም። መተኛት እንዳቃተኝ፣ ፈተና ጥዬ እንደወጣሁ፣ የበሬው ነገር እንደሚከብደኝ ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ካርዱ ያለቀባት መስሎኝ ነበር።

«ልጄ» አለች፣ «በሬው እኮ ያኔም አርጅቶ ነበር። ባይሸጥም ለፋሲካ እንበላው ነበር።»

እናቴ ዲፕሪሲዬሽን (ንብረት ሲያረጅ ዋጋው መቀነሱን) ሳትማር ታውቃለች። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ እየሳቅኩ አለቀስኩ። ቀጥላ ጠበል እንድገባ አዘዘችኝ። ይህን ለማዘር ስነግራቸው ያጣጥሉብኛል ብዬ ነበር። «ጠበልህን ሂድ፤ ማክሰኞን ግን እንዳትቀር» አሉኝ።

በአንድ ጊዜ ዳንኩ እያልኩ አይደለም። ስምንት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ ከመሃል ሁለት ሳምንት እንደገና እንቅልፍ ያጣሁበት አለ። ያን ሰሞን ማዘር ሐኪም እንዳልሆኑና መድኃኒት እንደማያዙ ነግረውኝ፣ ካልተሻለኝ ሪፈራል እንደሚጽፉልኝ አስቀድመው አሳወቁኝ። ወላጆቻችን የሚያውቁት አማኑኤልን ብቻ ነው፤ እሱንም ለስድብ። ዛሬ በብዙ ትልልቅ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። እኔ ሳያስፈልገኝ ቀረ። የድብርት መድኃኒት የጀመረ የክላሴ ልጅ ግን አለ፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ለውጥ አጥቶ ሊያቆም ሲል «ሳምንታት ይፈልጋል፤ ሐኪሙን ሳታናግር እንዳታቆም» ተብሎ ታግሶ አሁን ደህና ነው። ይህን የምጽፈው እሱ ፈቅዶልኝ ነው።

ለሚሄድ ሰው የሚጠቅመውን ልንገራችሁ። ነፃ ነው። የሚነገረው ሬጅስትራር ጋ አይደርስም፣ ዲፓርትመንት አይሰማም፣ ግሬድ ሪፖርት ላይ አይጻፍም። ማዘር ፋይሉን ቁልፍ ያለው ሎከር ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት። ምስጢር የማይጠብቁበት ነገር ቢኖር ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን ነው፤ እሱንም ገና በመጀመሪያው ቀን ይነግሯችኋል። ምን ብዬ ልጀምር ለምትሉ፣ «እንቅልፍ አጥቻለሁ» ይበቃል።

ጉድለትም አለው፤ ልደብቅ አልችልም። ቢሮዋ አንዲት ክፍል ናት። ግድግዳው ስስ ስለሆነ መታወቂያ የሚያሳድሱት ልጆች ሲከራከሩ ይሰማል። ለሺዎች ተማሪ አንድ ሰው ነው የተመደበው። ፋይናል ሲቃረብ ቀጠሮ ሁለት ሳምንት ይገፋል፤ ስለዚህ ሴሚስተሩ ሲጀመር ሂዱ። ግቢውን የሚያስተዳድሩ ሰዎች ይህን ካነበቡ፣ ሁለተኛ ባለሙያና አንድ ወፍራም በር ይጨመርልን።

ሌላ ግቢ ላላችሁ፣ የተማሪዎች አገልግሎት ዲን ቢሮ ሄዳችሁ «የምክር አገልግሎት የት ነው?» በሉ። ምናልባት እናንተም በየሴሚስተሩ የምትሰለፉበት መስኮት አጠገብ ይሆናል።

ማዘር፣ ይህን እንደሚያነቡት አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። ያንን ኮርስ ደግሜ ወስጄ ቢ አምጥቻለሁ። አንድ ነገር ግን ሳልነግርዎት ቆየሁ። በመጀመሪያው ቀን ግራ ተጋብቼ የሻይ ብርጭቆዎን ይዤ ነው የወጣሁት። ዶርም መስኮት ላይ ናት፤ ልጆቹ እስክሪብቶ ያስቀምጡባታል። ማክሰኞ አጥቤ አመጣታለሁ።