ጎንደር ውስጥ የአደይ አበባ ችግኝ የምትገዙ ተጠንቀቁ፤ ኑግ ነው የሚሸጡላችሁ

ወገን፣ ደሜ እንደፈላ ነው የምጽፈው። መንገድ ዳር ችግኝ ደርድረው የሚሸጡትን ታውቋቸዋላችሁ፤ ጥቁር ላስቲክ፣ የተቀደደ ጥላ፣ «ያገር ነው፣ ውኃ አይፈልግም፣ ዓመቱን ሙሉ ያብባል» የምትል የማትለወጥ ዜማ። ውኃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ከዚህ የበለጠ ማባበያ የለም። ሰኔ ላይ 12 የአደይ ችግኝ፣ አንዱን በ40 ብር ገዛሁ። ደረሰኝማ የት ተለምዶ!

ደመራ መጣ፣ አለፈ። ተራራው ሁሉ ቢጫ ለብሶ የእኔ ግቢ አረንጓዴ ብቻ። ጥቅምት ገብቶ አደዩ መርገፍ ሲጀምር የእኔው ፈነዳ። ደምቢያ ያደገችው ጎረቤቴ በአጥር ብቅ ብላ «እትዬ፣ ግቢዎን ኑግ ዘሩበት እንዴ?» አለችኝ።

ፍሬው ሲደርቅ፣ ዛሬ ጠዋት፣ አንዱን ከነሥሩ ነቅዬ ሄድኩ። በጎማ የሚያጠጣው ልጅ ውኃውን ጫማዬ ላይ እየለቀቀ «ባለቤቱን ጠይቂ» አለኝ። እናቱን የምሆን ሴት፣ «ጠይቂ»! ባለቤቱ ወጣ። የደረቀውን ራስ ከእጄ ወስዶ መዳፉ ላይ አሸት አሸት አደረገና እብቁን እፍ አለው። ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ ፍሬ ቀረ። ቆንጠር አድርጎ አፉ ውስጥ ጨመረና አኘከው። አኘከው ነው የምላችሁ! «ቅባቱ ጥሩ ነው» አለ። ቀጠለናም «ቢጫ አበባ አይደል የፈለግሽው? ቢጫ አላበበልሽም?» ልጁ ከኋላ ከት ብሎ ሳቀ። ብሬን ብለው ደግሞ «ካልፈለግሽው ዘይት አስጨምቂው» ብሎኝ ገባ።

ኑግን አልነቅፍም፤ ንብ ትወደዋለች፣ ለጾምም ዘይቱን የሚያህል የለም። ግን በ480 ብር ቅዳሜ ገበያ ምን ያህል ኑግ እንደሚሰፈርልኝ እናንተው አስሉት።

ለምትገዙ፦ ቅጠሉን እዩ። የአደይ ቅጠል ስንጥቅጥቅ ያለ ነው፣ የኑግ ግን ድፍን። «ዓመቱን ሙሉ ያብባል» ያላችሁን ጥላችሁት ሂዱ፤ አደይ በክረምቱ ዝናብ በቅሎ፣ አብቦ፣ ዘሩን ጥሎ የሚደርቅ ነው። እንዲያውም ለምን ትገዛላችሁ? ሜዳው ላይ የደረቀውን ራስ አሁን ለቅማችሁ አስቀምጡና ሰኔ ላይ በትኑት።