የጎንደር ዝናር በሸክላ ኢላማ ሜዳ

ለሾትገን ውድድር የሚሆን የጥይት ቀበቶ ጎንደር ላይ ለማሰፋት ላሰባችሁ ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ቀበቶውን አሰፉ፤ የጥይት ከረጢቱንም አሰፉ፤ በቀበቶው ዙሪያ የሚደረደሩትን የጥይት ማስገቢያዎች ግን ለፎቶግራፍ ካልሆነ በቀር አታሰፉ። ሦስቱንም ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ከሚሠሩ ቆዳ ሰፊ ዘንድ አሠርቼ፣ አሁን በምኖርበት በዴንቨር አካባቢ ባለ የተኩስ ሜዳ ታጥቄ ፈትሻቸዋለሁ።

ስፖርቱን ለማያውቅ ጥቂት ልበል። ሾትገን በአንድ ተኩስ በመቶ የሚቆጠር ደቃቅ እርሳስ የሚተፋ ጠመንጃ ነው። ኢላማው ከማስወንጨፊያ የሚወረወር፣ ስፋቱ 11 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ የሸክላ ሳህን ነው። ትራፕ የሚባለው፣ ሳህኑ ከተኳሹ ፊት ተነሥቶ የሚርቅበት ዓይነት፣ ኦሊምፒክ የገባው በ1900 ፓሪስ ላይ ነው፤ ሳህኖቹ ከግራና ከቀኝ የሚወረወሩበት ስኪት ደግሞ ማሞ ወልዴ ማራቶን ባሸነፈበት በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ተጨመረ፤ ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አንድ ዙር 25 ሳህን ነው፤ ጥይቱም በካርቶን 25 ሆኖ ይሸጣል። ይህ ሁሉ ወገብ ላይ ሲሰቀል አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከዚህ የተለየም አለ፤ ተወዳዳሪው ሽጉጥ፣ ጠመንጃና ሾትገን እያፈራረቀ፣ ሰዓት ተይዞበት የሚሮጥበት። በዚህኛው ሾትገኑን በፍጥነት ማጉረስ ከመምታት የማይተናነስ ሙያ ነው።

ቆዳ ሰፊው በዕድሜ የገፉ፣ ኮርቻና የበቅሎ ዕቃ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ዝናር እፈልጋለሁ» ስላቸው ከወስፌያቸው ቀና ብለው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«ልጄ፣ በዚህ ጊዜ ዝናር ለማን ነው?»

ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በጎንደር ዝናር የሚታጠቅ ሰው ምክንያት አለው። እኔ ግን ተወልጄ ያደግሁት እዚያው ጎንደር፣ አራዳ ስለሆነ ነገሩን ከማብራራት ማሳየት እንደሚቀል አውቃለሁና በስልኬ የውድድር ቪዲዮ ከፈትኩላቸው። አንዲት ሴት ሁለት ሳህን በተከታታይ ትቢያ ስታደርግ ተመለከቱ። «እጇ ይባረክ! ግን የመታችው የሚበላ ነገር አይደለም» አሉና መለካት ጀመሩ።

ጥይት ይዤ አልሄድኩም፤ እንኳን ጥይት ቀለህ ይዞ አየር ማረፊያ መግባት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። በምትኩ በባለ 12 ጥይት ልክ የተጠረበ እንጨት ሰጠኋቸው (12 የሾትገን አፈሙዝ ስፋት መለያ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ጥይቱ ይቀጥናል)፤ ወገቡ 20 ሚሊሜትር አለፍ ያለ፣ የቂጡ ጠርዝ ደግሞ 22 ሚሊሜትር የሚያልፍ። ይህን ነገር አደራ እላለሁ። የክላሽ ጥይት ቂጡ 11 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የጎንደር ቆዳ ሰፊ እጅ የለመደው ያንን ነው። በቃል ብቻ «የአደን ጠመንጃ ጥይት» ብሎ የሚያዝ ሰው የሚያምር ግን የማይሠራ ዕቃ ይዞ ይመለሳል።

ስለ ቀበቶው ማጉረምረም የምችለው ጥቂት ነው። ወርዱ አምስት ሴንቲሜትር ነው፤ ሁለት የላም ቆዳ ተደርቦ፣ ጠርዙ ሰም በጠጣ ክር በእጅ ተሰፍቷል። ኪሎ ጥይት በአንድ ጎን ሲንጠለጠል ስስ ቀበቶ ይታጠፋል፤ ከረጢቱ ይዞራል፤ ተኳሹም ጠመንጃውን ወደ ትከሻው ባነሣ ቁጥር ሱሪውን እየሳበ ይቆማል። ይህኛው ንቅንቅ አይልም። ውድድር ሜዳ ላይ የሚታዩት የናይለን ቀበቶዎች ይህንኑ ለማግኘት ሁለት ይሆናሉ፤ አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከላይ፣ እርስ በርሳቸው በቬልክሮ የሚጣበቁ። እነሱ ቀላል ናቸው፤ ዝናብም አይፈሩም። በጥንካሬ ግን የእኔ ቆዳ ከእነሱ ጋር ቢወዳደር አያፍርም። ቅሬታዬ ዘለበቱ ላይ ነው፤ ከገበያ የተገዛ ቀጭን ብረት ላይ ናስ መሳይ ቅብ ተቀብቶበት ብዙም ሳይቆይ ተላላጠ። ጥሩ ዘለበት ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የቆዳው ሽታም ለጊዜው መኪና ውስጥ ይቀራል። እኔን ጎንደርን ያስታውሰኛል፤ ባለቤቴን ምንም አያስታውሳትም፤ መስኮት ትከፍታለች።

ከረጢቱ የሥራቸው ቁንጮ ነው። ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ለጥይት፣ ሌላው ለቀለህ። አፉ ዙሪያውን ጠፍር ስለገባበት ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ጓንት ያጠለቀ እጅ ሳይታይ ገብቶ ሁለት ጥይት ይዞ ይወጣል። ባለ ሁለት አፈሙዝ ለሚተኩስ ከዚህ በላይ አያስፈልግም፤ ጠመንጃው የሚጎርሰው ሁለት ብቻ ነውና። ሽማግሌው እንደ ድሮው ዝናር ክዳንና መቆለፊያ ካላደረግሁ ብለው ተሟግተው ነበር፤ ለአርበኛ ዝናር እውነታቸውን ነው፤ ዋሻ ለዋሻ የሚያድር ሰው ጥይቱ ሊበሰብስበት አይገባም። በመጨረሻ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ክዳን ሰፍተው ተስማማን። ስተኩስ ከኋላ ይታጠፋል፤ ስሄድ ይዘጋል። ከገዛኋቸው የፋብሪካ ከረጢቶች ይህ የተሻለ ነው።

ወደ ማስገቢያዎቹ ልምጣ። በቀበቶው ፊት ለፊት የተሰፉት ቀለበቶች ለዐይን ግሩም ናቸው፤ የአያቶቻችንን ፎቶግራፍ ያስታውሳሉ። አዲስ ሳሉ ግን ጥይቱን ጨምድደው ስለሚይዙ በአንድ እጅ ማውጣት ትግል ነው። ቆዳው ሲላላ ደግሞ ስሮጥ እንደ በሰለ ሾላ ይረግፋል። የናሱን ጠርዝ ወደ ላይ ካደረጋችሁት አይወድቅም፤ ነገር ግን እጃችሁ የሚጨብጠው ቂጡን ይሆንና ወደ ጠመንጃው ለማስገባት ማገላበጥ ይመጣል። ላስቲክ ያለባቸውም ቢሆኑ ላስቲኩ እስኪደክም ነው።

ሰዓት ለተያዘበት ውድድር መልሱ ቀበቶ ላይ የሚቆለፈው የፕላስቲክ መያዣ ነው። ጥይቶቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ በመንጠቆ ይይዛል፤ የለመደ እጅ አራቱን በአንድ ጊዜ መዥርጦ ሁለት ሁለቱን ያጎርሳል። የቆዳው ቀለበት የሚሰጠው አንድ አንድ ነው። ስምንት ጥይት ለሚያጎርስ ሰው ልዩነቱ ከአሸናፊና ከተመልካች ልዩነት ጋር እኩል ነው። መያዣው መልኩ አያምርም፤ ዋጋውም አይወደድም ማለት አይቻልም፤ ግን ይሠራል፤ በጎንደሩ ቀበቶ ላይም በደንብ ይቆለፋል።

በቆዳ ቀለበት ውስጥ ጥይት አስቀምጦ ወራት መተው ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። ቆዳ የለፋበት ነገር ከናስ ጋር ሲቆይ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፤ ጥይቱ ይጣበቃል፤ ጠመንጃው ውስጥም ለመግባት ያስቸግራል። ማታ ማታ አውጥታችሁ ወደ ካርቶኑ መልሱ።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው አንድ ነገር ነው። ባለ 12 እና ባለ 20 ጥይት በአንድ ከረጢት ፈጽሞ አትቀላቅሉ። ባለ 20 ጥይት ቀጭን ስለሆነ ባለ 12 ጠመንጃ ውስጥ ሲገባ ተንሸራትቶ አፈሙዙ ውስጥ ይሰነቀራል። ጥይት የሚገባበት ጎሬ ባዶ መስሎት ባለ 12 ከኋላው አስገብቶ የሚተኩስ ሰው አፈሙዙን በራሱ ላይ ያፈነዳል። ባለ 20 ጥይት አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ የሚደረገው ለዚህ ነው፤ ከረጢት ውስጥ ሳያይ የሚዳስስ እጅ ግን ቀለም አይለይም። ልጄ በባለ 20 ስለምትተኩስ ለእርሷ የብቻዋን ከረጢት አሰፋሁላት፤ ከሩቅ እንዲለይ ጠርዙን በቀይ ክር።

ቀበቶውና የእኔ ከረጢት አንድ ላይ 4,500 ብር አስወጡኝ፤ ለቀለበቶቹ ተጨማሪ ነው። ለእጅ ሥራ ርካሽ ነው፤ አትከራከሩ። ከጥምቀት በፊት ባሉት ሳምንታት ግን አትሂዱ፤ የፈረስና የበቅሎ ዕቃ የሚያሳድሰው ሁሉ ደጃፋቸውን ሞልቶ ስለሚያድር ተራ አይደርሳችሁም። ከጥር 15 በኋላ ዘለበታችሁንና መለኪያ እንጨታችሁን ይዛችሁ በጠዋት ድረሱ፤ ከሰዓት በኋላ ዐይናቸው ስለሚደክም ስፌት አይጀምሩም።