ውርጭ ለሚመታው የአትክልት ቦታ ደረጃ የትኛው ድንጋይ ይሻላል?

ደረጃን የሚሰነጥቀው ብርዱ ብቻውን አይደለም፤ ድንጋዩ የጠጣው ውሃ ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። መላወሻ ሲያጣ ድንጋዩን ከውስጥ ይገፋዋል። ቀን ይቀልጣል፣ ማታ መልሶ ይጋገራል። ብዙውን ጉዳት የሚያደርሰው ይህ መመላለስ ነው። ስለዚህ ድንጋይ ስትመርጡ መጀመሪያ የሚጠጣውን ውሃ ጠይቁ። ቀለሙ ይደርሳል።

ግራናይት በዚህ በኩል አስተማማኝ ነው። ጥሩ ግራናይት የሚጠጣው ውሃ ከክብደቱ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ይከብዳል፣ ለመቁረጥ ያስቸግራል፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። አደራ፣ እንደ መስታወት የተወለወለውን ለደረጃ እንዳትገዙ! ትንሽ ውርጭ ሲያርፍበት እግር አይቆምበትም። ፊቱ በእሳት ተለብልቦ ወይም ተጠርቦ የሻከረውን ውሰዱ። ጥቅጥቅ ያለ ባዛልትም ብርድን ይችላል፤ ግን ብዙ ሲረገጥ ፊቱ ለስልሶ ሊያንሸራትት ስለሚችል ከመግዛታችሁ በፊት ፊቱን በእጃችሁ ዳብሱት።

የአሸዋ ድንጋይ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ሲረገጥ ደስ ይላል፣ አያንሸራትትም፣ ለመጥረብም ይመቻል። ችግሩ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ዓይነቱ ብዙ መሆኑ ነው። አንዱ ውሃ እምብዛም አያስገባም፣ ሌላው እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል። ደግሞ በንብርብር የተሠራ ድንጋይ ነው። ንብርብሩ እንደተኛ መጽሐፍ ገጽ አግድም መቀመጥ አለበት። ገጹ ቆሞ ከተቀመጠ ውሃው በየመሃሉ ይገባና የደረጃው ፊት እየተላጠ ይረግፋል። ሠራተኛው ይህን ካላወቀ ጥሩው ድንጋይም ይበላሻል።

የኖራ ድንጋይም እንደዚሁ ነው፤ ጠንካራው ይከርማል፣ ለስላሳው ይፈረፈራል። እምነ በረድን ለቤት ውስጥ ተዉት።

ሻጩ የሚላችሁን በቤታችሁ መፈተን ትችላላችሁ። ናሙና ውሰዱ፣ በደንብ አድርቁና መዝኑት። 24 ሰዓት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ ላዩን ጠርጋችሁ እንደገና መዝኑት። 2,000 ግራም የነበረው 2,060 ከሆነ 3 በመቶ ጠጥቷል ማለት ነው። እኔ ውርጭ ለሚበዛበት ቦታ ይህን አልገዛም።

በረዶ ለማቅለጥ ጨው የምትበትኑ ከሆነ ውሃ ከሚጠጣ ድንጋይ ጨርሶ ራቁ። ጨዋማው ውሃ ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ጨው ይጋገራል፣ እሱም እንደ በረዶው ይገፋል። ለመንሸራተቱ አሸዋ መበተን ይሻላል።

ሌላው ምርጫ ውፍረት ነው። በሲሚንቶ ላይ የተለጠፈ ቀጭን ድንጋይ ይረክሳል፤ ግን ከሥሩ ውሃ ከገባ በውርጭ ተነቅሎ ይነሳል። ወፍራም ወጥ ድንጋይ በክብደቱ ይቀመጣል፣ ቢያዘነብልም አንስቶ ማስተካከል ይቻላል። ከሥሩ ውሃ የሚያሳልፍ የተጠቀጠቀ ጠጠር ይኑረው። መርገጫው ወደ ፊት ትንሽ ይዝመም፤ ለ40 ሳንቲ ሜትር መርገጫ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ይበቃል። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ፣ ቀጭን ግራናይት ከማስለጠፍ ይልቅ ውሃ እምብዛም የማይጠጣ ወፍራም የአሸዋ ድንጋይ በጠጠር ላይ ማስቀመጥን እመርጣለሁ።