ያለ ስኳር የአልሞንድና የሪኮታ ኬክ፦ የቱ ይገዛ፣ የቱ እቤት ይሠራ?

ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ኮዬ ፈጬ የምትኖሩ፣ ቤታችሁ ውስጥም ስኳር ያለበት ሰው ካለ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። በበዓል ሁሉም ኬክ ሲበላ እማማ ወይም ጋሼ «እኔ ይቅርብኝ» ብለው ሲቀመጡ ማየት ያሳዝናል። የጣልያኖቹ የአልሞንድና የሪኮታ (ለስላሳ የጣልያን አይብ) ኬክ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ብዙ ጊዜ የስንዴ ዱቄት አይገባበትም፣ ስኳሩን በሌላ ማጣፈጫ ስትተኩትም አይከፋውም፣ በዚያ ላይ አይደርቅም።

ጣጣው ያለው ዕቃው ላይ ነው። ዳር ላይ የምንኖር ሰዎች ሰፈር ሱቅ ገብተን የአልሞንድ ዱቄት አናገኝም፣ ለሪኮታ ብለንም መሃል ከተማ መውረድ ሊኖርብን ነው። ግን መሃል ከተማ በቀላሉ የማይገኝ ነገር እኛ ጋ ሞልቷል፤ ትኩስ ወተት። ስለዚህ ምክሬን ከመጀመሪያው ልናገር። ሪኮታውን አትግዙ፣ እቤት ሥሩት። ከዚያ የተረፈውን ብር ማጣፈጫው ላይ አውሉት፣ ምክንያቱም እሱ ላይ ቆጥባችሁ የተሳሳተ ዕቃ ከገዛችሁ የኬኩ ዓላማ ራሱ ይበላሻል።

ዋጋ እዚህ አልጽፍም፣ በየሳምንቱ ይቀያየራል። የሚያስፈልገውን መጠን ግን ያዙት። ለ22 ሴንቲሜትር ክብ መጋገሪያ 250 ግራም ሪኮታ፣ 200 ግራም የአልሞንድ ዱቄት፣ 4 እንቁላል፣ 100 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 120 ግራም ኤሪትሪቶል (በስኳር ፈንታ የሚገባ ማጣፈጫ)፣ የሁለት ሎሚ ልጣጭ ተፈቅፍቆ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር። በዚህ ሁሉ ውስጥ ደም ውስጥ ገብቶ ስኳር የሚሆነው ካርቦሃይድሬት በድምሩ 30 ግራም አካባቢ ነው። 10 ቦታ ብትቆርጡት ለአንድ ቁራሽ 3 ግራም ማለት ነው። ይኸው ኬክ በ200 ግራም የስንዴ ዱቄትና በ150 ግራም ስኳር ቢሠራ ግን ድምሩ 300 ያልፋል፣ አንዱ ቁራሽ 30 ግራም ይዞ ይመጣል። ልፋቱ ሁሉ ለዚህ ልዩነት ነው።

ሪኮታው፦ የሱፐርማርኬቱ፣ የገበያው አይብ ወይስ የቤቱ?

የሱፐርማርኬቱ ሪኮታ ለስላሳ ነው፣ አይኮመጥጥም፣ ልክ በሚያስፈልገው መጠን ታሽጎ ይገኛል። በጥራቱ የምከራከርበት ነገር የለም። ግን ዋጋው ከሁሉም ይበልጣል፣ ከተከፈተ ደግሞ ቶሎ ይበላሻል። ሰልፉንና የመንገዱን መዘጋጋት ጨምራችሁ በፌስታል ይዛችሁት እስክትደርሱ ሙቀት ይመታዋል። ማታ መብራት ከጠፋማ ፍሪጁም አያድነውም።

ብዙ ሰው የሚጠይቀው «አይብ አለን አይደል፣ ለምን ሌላ እንፈልጋለን?» ብሎ ነው። ጥያቄው ልክ ነው፣ ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። አይብ ከአሬራ ነው የሚወጣው። ወተቱ ይረጋል፣ ይናጣል፣ ቅቤው ይወጣል፣ የቀረው አሬራ ቀስ ብሎ ሲሞቅ አይብ ይሆናል። ቅቤው አስቀድሞ ስለወጣ ስቡ 2 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። ከሙሉ ወተት የተሠራ ሪኮታ ግን 13 በመቶ አካባቢ ስብ አለው። ልዩነቱ ኬኩ ላይ ወዲያው ይታወቃል፤ በአይብ ብቻ የተጋገረው ሲቆረጥ ይፈረፈራል፣ ጉሮሮ ላይ ይደርቃል፣ ትንሽም ይኮመጥጣል።

ሌላው ጭሱ ነው። ወተቱ የሚናጥበት ቅል በወይራ ስለሚታጠን አይቡም ያንን መዓዛ ይዞ ይመጣል። ለክትፎ ግሩም ነው። ከሎሚ ልጣጭና ከአልሞንድ ጋር ግን አይስማማም፣ መጀመሪያ ስትጎርሱት ኬክ ይመስልና ከዚያ ጭሱ አፍ ውስጥ ይቀራል። አይብ የምትገዙ ከሆነ ሻጯን አስፈቅዳችሁ አሽትቱት፣ በጣት ቆንጠር አድርጋችሁ ቅመሱት። ኮሰረት ወይም ጨው የገባበት ከሆነ ተዉት። ያልታጠነ፣ የዚያን ቀን አይብ ካገኛችሁ ግን 200 ግራሙን ከአራት የሾርባ ማንኪያ ክሬም ጋር ብሌንደር ውስጥ ምቱት፤ እንደ ሪኮታው ባይሆንም ጥሩ ይወጣል። ከሦስቱ ርካሹ ይሄ ነው።

ለኔ ግን አንደኛው የቤቱ ነው። ከአንድ ሊትር ሙሉ ወተት ከ200 እስከ 250 ግራም ይወጣል፣ ስለዚህ ሊትር ተኩል ግዙ፣ የተረፈው ለቁርስ ይሆናል። ወተቱ የዚያን ቀን ጠዋት የታለበ ይሁን፤ ያደረ ከተቀላቀለበት እሳት ላይ ገና ሲሞቅ በራሱ ይቆራረጣል። ስለዚህ ስትገዙ ጠይቁ። የሰፈራችንን ወተት ሻጭ «እትዬ፣ የዛሬ ጠዋት ነው?» ስላቸው «የማታው ተቀላቅሎበታል ልጄ፣ ለአይብሽ ከሆነ ነገ በጠዋት ነይ» ብለውኛል። እንደዚህ የሚናገር ሰው ካገኛችሁ ደንበኛ ሁኑ። የላስቲኩ ወተትም ይሠራል። ሳይከፈት ወራት የሚቆየው የካርቶን ወተት ግን በደንብ አይቋጠርም፣ ብራችሁን አታባክኑ።

አሠራሩ ቀላል ነው። የፈረንጅ አዘገጃጀት ላይ ወተቱን ከ85 እስከ 90 ዲግሪ አሙቁት ይላል፣ ለዚህ ብላችሁ ቴርሞሜትር መግዛት የለባችሁም። አብዛኛው አዲስ አበባና ዙሪያው ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ ውሃ እኛ ጋ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ሱሉልታ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። ወተቱ ጠርዙ ላይ አረፋ ሞልቶ ሊገነፍል ሲል ደርሷል ማለት ነው። አውርዱት፣ ለአንድ ሊትር ሦስት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጨምሩ፣ አንዴ ብቻ በቀስታ አዙሩትና 10 ደቂቃ አትንኩት። ደጋግማችሁ ካማሰላችሁት ይደቅና ደረቅ ይሆናል። ነጩ ተሰብስቦ አጓቱ ጠርቶ ወደ ቢጫ አረንጓዴ ሲሄድ በንጹህ ሻሽ አጥልሉት። አትጭመቁት፣ በራሱ ይንጠፍጠፍ።

እርግጥ ጣልያኖቹ ሪኮታ የሚሉት ሌላ አይብ ተሠርቶ ከቀረው አጓት የሚወጣውን ነው፣ የኛ ከሙሉ ወተት ነው። ለኬክ ግን ያው ነው። ስኳር ላለበት ሰው ደግሞ አንድ ጥቅም አለው፤ የወተቱ ስኳር አብዛኛው ከአጓቱ ጋር ተጠልሎ ይሄዳል። ጥሬ ወተት የሚያስፈራችሁም ከሆነ፣ እዚህ እስኪገነፍል ስለሚሞቅ እዳው ቀለለ። በሁዳዴ የማይጾም ቤተሰብ ካላችሁ ደግሞ ያኔ ወተት ፈላጊው ስለሚቀንስ በደህና ዋጋ ታገኛላችሁ።

ዱቄቱ

የተፈጨው የአልሞንድ ዱቄት ነጭና ደቃቅ ነው፣ ኬኩም በጣም ያምራል። ግን ውድ ነው፣ ተፈጭቶ ብዙ ስለሚቆይም ቅባቱ ሊበላሽ ይችላል። ሙሉውን ፍሬ ገዝቶ እቤት መፍጨት ይሻላል። ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ፍሬ ለሁለት ስበሩ፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ ጥሩ፣ ቢጫ ብሎ የቆየ ዘይት ከሸተተ ተዉት። የትናንሽ ፓኬት ዋጋም እንዳያታልላችሁ፣ የ200 ግራሙን በአምስት አባዝታችሁ ከኪሎው ጋር አስተያዩት።

ልጣጩን ማውጣት ግዴታ አይደለም፣ ኬኩ ትንሽ ጠቆር ይላል እንጂ ጣዕሙ አይጎድልም። ስትፈጩ አንድ ሁለት ሰከንድ እያሉ ማቆም ነው። ዝም ብላችሁ ከለቀቃችሁት ቅባቱ ይወጣና ዱቄቱ ቅቤ ይሆናል። ቡና መፍጫ የምትጠቀሙ ከሆነ በደንብ ይጸዳ፣ አልሞንድ ሽታ ይስባል። ወፍጮ ቤት ግን አትውሰዱት፤ ቅባቱ ወፍጮውን ይይዘዋል፣ የሰው ጤፍና ስንዴም ይቀላቀልበታል።

ብር ካጠረ ኦቾሎኒ አለ። ይሄንን ሳልሸፋፍን እመክራለሁ። በ100 ግራም ውስጥ ከአሰር ውጪ ያለው ካርቦሃይድሬት 8 ግራም ገደማ ነው፣ አልሞንዱ 10 አካባቢ ነው፤ ለስኳር ሰው ሁለቱም ያው ናቸው። የባቢሌ ኦቾሎኒ ደግሞ የትም ይገኛል። ጣዕሙ ግን ይጫናል፣ የሎሚው መዓዛ ይጠፋል፤ ስለዚህ ሎሚውን ትታችሁ ቀረፋ ጨምሩበት። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ኦቾሎኒ በአያያዝ ጉድለት ሲሻግት አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመጣል፣ መቁላትም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። የተጨማደደውን፣ የጠቆረውንና የሻገተውን አንድ በአንድ ልቀሙ። የተፈጨውን ሳይሆን ፍሬውን የምትገዙትም ለዚህ ነው። የኮኮናት ዱቄት ደግሞ ፈሳሽ እንደ ጉድ ስለሚመጥ በአልሞንዱ ልክ ከገባ ኬኩን አሸዋ ያደርገዋል። ለዚህ ኬክ አልመክረውም።

ማጣፈጫው፦ ገንዘባችሁ እዚህ ይግባ

ትልቁ አደጋ «ለስኳር ሕመምተኛ» ተብሎ የተለጠፈበት ፓኬት ነው። ጀርባውን ገልብጣችሁ አንብቡ። ማልቶዴክስትሪን ወይም ዴክስትሮዝ የተቀላቀለበት ከሆነ ያው ስኳር ነው፣ ደም ውስጥ እንዲያውም ፈጥኖ ይገባል። ማልቲቶልም ከስኳር ያንሳል እንጂ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ስሙ በማታውቁት ቋንቋ ከተጻፈ ቁጥሩን ፈልጉ፤ 968 ኤሪትሪቶል ነው፣ 967 ዛይሊቶል፣ 965 ማልቲቶል፣ 960 ስቴቪያ፣ 951 አስፓርቴም። አስፓርቴም እሳት ላይ ጣፋጭነቱን ያጣል፣ ለመጋገር አትግዙት።

ኤሪትሪቶል የኔ ምርጫ ነው። የደም ስኳር ላይ ለውጥ አያመጣም ማለት ይቻላል፣ ኬኩም ላይ እንደ ስኳር ቦታ ይይዛል። ጣፋጭነቱ ከስኳር 70 በመቶ ያህል ነው፣ አፍ ውስጥም ትንሽ ቅዝቅዝ ይላል። ሳትፈጩት ከጨመራችሁት ግን ኬኩ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይጠጥርና ጥርስ ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል። መጀመሪያ እንደ ዱቄት ይፈጭ። ንጹህ ስቴቪያ ከስኳር ከ200 እጥፍ በላይ ስለሚጣፍጥ የምትጨምሩት ቁንጥጫ ብቻ ነው፤ ያኔ ኬኩ መጠኑን ያጣል፣ በዝቶ ሲገባም ይመርራል። ኤሪትሪቶሉን ቀንሳችሁ ትንሽ ስቴቪያ ማገዝ ግን ብር ይቆጥባል። ዛይሊቶል በጣፋጭነት ልክ እንደ ስኳር ነው፣ ግን ለውሻ መርዝ ነው። እኛ ሰፈር ውሻ የሌለበት ግቢ ስንት ነው? ፍርፋሪም ይጣልለታል። ስለዚህ ቤቴ አላስገባውም።

«ማር ተፈጥሯዊ ነው» የሚሉ አሉ። ተፈጥሯዊ ነው፣ ግን 100 ግራም ማር 80 ግራም ያህል ስኳር ነው። ቴምርም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2023 ክብደት ለመቀነስ ብሎ ስኳር አልባ ማጣፈጫ መጠቀምን እንደማይመክር አስታውቋል፤ ምክሩ ግን ስኳር ያለባቸውን ሰዎች አይመለከትም፣ እነ ኤሪትሪቶልንም አይጨምርም። በዚያው ዓመት የወጣ ጥናት ደግሞ ደማቸው ውስጥ ኤሪትሪቶል በዝቶ የተገኘ ሰዎች ላይ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) እና የስትሮክ አደጋ ከፍ ብሎ ታይቷል ብሏል፣ መንስኤው እሱ መሆኑን ግን አላረጋገጠም። ልብ ያመመው ሰው ካለ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ምድጃው

ለዚህ ሲባል አዲስ ኦቨን አይገዛም። ትንሹ የጠረጴዛ ኦቨን ይበቃል፣ ከእንጀራ ምጣድም ያነሰ ኃይል ነው የሚወስደው። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲለኩስ መብራቱ ስለሚደክም ረፋድ ላይ ጋግሩ። የጋዝ ኦቨን ያለው መብራት ቢጠፋም አይጨነቅም፣ ግን ከታች ስለሚያቃጥል መጋገሪያውን ከፍ ባለው መደርደሪያ ላይ አድርጉት። 160 ዲግሪ፣ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ። የእንቁላሉን ነጭ ለብቻ መትታችሁ መጨረሻ ላይ ቀላቅሉ። ቤኪንግ ፓውደሩን አታብዙ፣ ከፍታው ላይ ኬክ ቶሎ ይነሳና ይወድቃል። ኤሪትሪቶል እንደ ስኳር ስለማያቀላ ቀለሙን አትጠብቁ፤ ጠርዙ ሲለቅና መሃሉ ሲነካ መለስ ሲል አውጡት። ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ከመጋገሪያው አታውጡት፣ ይሰበራል።

ለመግዛት ስትወጡ ደግሞ ከማጣፈጫው ጀምሩ። እሱ ከሌለ አልሞንዱን አትግዙ፣ ወተቱንም አትዘዙ፤ ሁለቱን በማንኛውም ሌላ ሳምንት ታገኟቸዋላችሁ።