ፈርሜድ ኦ ለጠጅ፦ ይገዛል ወይስ ይቅር?

እዚህ አሜሪካ ቤታችሁ ጠጅ ለምትጥሉ ነው የምጽፈው፣ ባጭሩ ፈርሜድ ኦ የሚባለው የእርሾ ምግብ፣ ማለትም ለእርሾው ናይትሮጅን የሚሰጠው ዱቄት፣ አሪፍ ነገር ነው ግዙት። ማር ስኳሩ እንጂ ናይትሮጅኑ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ እርሾው ደሞ ለመራባት ፕሮቲን መስራት አለበት፣ ያለ ናይትሮጅን ደሞ ፕሮቲን የለም፣ ስለዚህ ብርዙ መፍላት ይጀምርና መሃል ላይ ቀጥ ይላል ወይ ያ የተበላሸ እንቁላል ሽታ ይመጣል (ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፣ እርሾው ሲርበው የሚያወጣው)።

ፈርሜድ ኦ የሚሰራው ከሞተ እርሾ ስለሆነ ናይትሮጅኑ ባብዛኛው በአሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚሰራበት ነገር) መልክ ነው ያለው። ሌላው የእርሾ ምግብ ዳፕ ግን፣ አዎ ያው አገር ቤት ገበሬው የሚያውቀው ዳፕ (ለምግብ የሚሆነውን ማለቴ ነው፣ የማዳበሪያውን እንዳትነኩ!) ናይትሮጅኑ በአሞኒየም መልክ ነው፣ 21% ገደማ ናይትሮጅን አለው፣ ርካሽም ነው፣ ግን ከበዛ እርሾው ባንዴ ይጋልብና ሙቀቱ ይጨምራል፣ አልኮሉ ወደ 9% ሲጠጋ ደሞ ብትጨምሩም አይወስደውም። በአሚኖ አሲድ የሚፈላው ረጋ ብሎ ነው፣ እኔ እሱን ነው የምመርጠው።

ባንዴ አትድፉት፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከፋፍላችሁ ስጡት፣ ደረቁን ከጨመራችሁ አረፋው ገንፍሎ ወለሉን ያጥበዋል ስለዚህ በትንሽ ብርዝ በጥብጡት። ጌሾውን አይተካም እሺ፣ ጌሾ ጌሾ ነው። ዋጋው ትንሽ ይቆነጥጣል፣ በተለይ በትንሽ በትንሹ አሽገው የሚሸጡት ሱቆች ጋ፣ ትልቁን ገዝታችሁ ከጓደኛ ጋር ተካፈሉ። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ።